የሊብሬው ሁለተኛ መስመር

«በኔ ስም ነው የሚዞረው። እሷማ ከመንዳት በቀር ምን ታውቃለች?»

ዙሀራ ይህን የሰማችው ዓርብ ጠዋት፣ ምድር ቤት ባለችው ክፍሏ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታጠልቅ ነው። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ ዓብዱልፈታህ ነው፤ ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወዲያ ወዲህ ይላል። የዚያ ቤት የማሞቂያ ቱቦ ከወጥ ቤቱ ወለል ተነስቶ በእሷ ጣራ ውስጥ ያልፋል። ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወሬው ግን አንድ ቃል ሳይጎድል ይደርሳታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ቤቱና ስለ ዘመድ አዝማዱ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው በዚሁ ቱቦ ነው፤ አፉን ከፍቶ የነገራት ሰው የለም። «አዎ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ኦኬ፣ ከፋዩዋ እሷ ናት፣ ሊብሬው ግን በኔ ስም ይሁን። ነገ አንዱ አግብቷት ይዞት ቢሄድስ?» አለና ሳቀ። ዙሀራ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ባል የሚባለውን ነገር ካሰበች ስንት ጊዜዋ! መጀመሪያ እሷም ሳቋ መጣ። ወዲያው ግን አንዱን ካልሲ እንደያዘች እጇ ቆመ፤ ተናደደች፣ ያውም ክፉኛ።

ስሙ የሚዞረው የሞተርሆም ነው። ከፊቱ መኪና ከኋላው ቤት የሆነ፣ አልጋና ምድጃ፣ መታጠቢያም ያለው፣ እዚህ አገር ጡረተኞች ከተራራ ተራራ የሚዞሩበት ነገር። ያገለገለ ነው፤ ዋጋው ሠላሳ አራት ሺህ ዶላር። ገንዘቡ የዙሀራ ነው፤ ኤቨረት ከተማ የአረጋውያን ማመላለሻ አውቶቡስ እየነዳች፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳዋን ከቤት እየቋጠረች ያጠራቀመችው። ኤቨረት ውስጥ፣ ከሥራዋ አሥር ደቂቃ ርቆ፣ ውሃና መብራት የተዘረጋለት የሞተርሆም ማቆሚያ ሰፈር አለ። ሰባት ወር ወረፋ ጠበቀች። ትናንት አስተዳዳሪዋ ደውላ «ቁጥር አሥራ አራት ተለቋል፤ እስከ ነገ ማታ ብቻ እይዝልሻለሁ» አለቻት። አንድ ነገርም አስጠነቀቀቻት፦ የመኪናው ወረቀት በተከራዩ ስም ካልሆነ ቦታው አይሰጥም። እንግዲህ ሊብሬው በወንድሟ ስም ከዞረ ቁጥር አሥራ አራት ለሌላ ሰው ነው። ቁጥር አሥራ አራት ካመለጠ ደግሞ ዙሀራ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ የምታድረው የወንድሟ ልጅ የኢክራ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ከላይኛው ነው፤ የወንድሟ ሚስት ሩመይሳ ምድር ቤቱን ለአንድ ተማሪ በሺህ አራት መቶ ዶላር አከራይታዋለችና። ይህንንም የነገራት ቱቦው ነው።

ዓብዱልፈታህ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበላት እሱ ነው፤ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሳት እሱ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ብር ሳይጠይቅ ያኖራትም እሱ ነው። ቤት ኪራይ መክፈል ከጀመረች በኋላ ግን ይህን ሁሉ አንድም ቀን ሳያነሳ ቀርቶ አያውቅም። ከሐኪም ጋር የሚያወራላት እሱ፣ ፎርም የሚሞላላት እሱ፣ «እህቴ እኮ እንዲህ ናት» ብሎ ለእንግዳ የሚያስረዳላት እሱ። ስለ እሷ መናገር በጣም ከመልመዱ የተነሳ እሷ ራሷ አፍ እንዳላት ረስቶታል። እሷም ዝም ማለት ለምዳ ነበር። ዛሬ ግን ደረጃውን ስትወጣ ነገሩን የት ቦታ እንደምታነሳው እያሰበች ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሩመይሳ ፊት፣ ልጆቹ እየሰሙ እንደማይሆን ገብቷታል።

ወደ ሻጩ ወደ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቤት ሊሄዱ በወንድሟ ፕሪየስ ሬኒየር ጎዳናን ይዘው ወረዱ። ካፊያ ነው። ዓብዱልፈታህ የነዳጁን ዋጋ ከየማደያው ሰሌዳ ላይ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ የትኛው በስድስት ሳንቲም እንደሚረክስ እየነገራት፣ እንቁላል ከነበረበት ስንት እንደደረሰ እያማረረ ይነዳል። ዙሀራ «እሺ» ትላለች። ከእሺ ወዲያ ሌላ ቃል ሳይወጣት አራት መብራት አለፉ።

«ቼኩን ይዘሻል አይደል?» አላት በመጨረሻ።

«አላሠራሁም።»

«ዋት? ከጁምዓ በፊት እንጨርሰው ተባብለን?»

«ሊብሬውን ሳላይ ቼክ አላሠራም።»

«እኔ አይቼዋለሁ እኮ ዙሂ። ፎቶ ልከውልኛል። በእጃቸው ነው ያለው፣ ንጹሕ ነው፣ አለቀ።»

«እኔም ልየው ወንድም ጋሼ» አለች።

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ ቆጥረዋል። ጡረታ የወጡ ዕለት፣ በቃ አሁን ደግሞ የኔ ይውጣ ብለው ይህን ሞተርሆም ገዙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽቱ መጋረጃ ሰፉለት፣ ትራስ ሰፉለት፣ ድስትም ጫኑበት። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጉዞ ወደ ባሕሩ ነበር። ሲመሽ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ አልጋ ሊዘረጉ ሲሉ ወይዘሮ ሽቱ «እኔ ከገጠር ያመለጥኩት እዚህ ጫካ ውስጥ ለማደር ነው?» ብለው ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ፤ ያንኑ ዕለት ሦስት ሰዓት ነድተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሞተርሆሙ ደጃቸው ላይ ቆሞ የሳሎኑን መስኮት ከነፀሐዩ ጋርዶታል። በእኩለ ቀን መብራት አብርተው ነው ሽንኩርት የሚከትፉት። ለመሸጥ የቸኮለው ማን እንደሆነ ለመገመት ቤቱ መግባት ብቻ ይበቃል።

ዙሀራ የመኪናውን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አልጋውን አይደለም፤ መሪውን ነው። ሞተሩን አስነስታ ጆሮዋን ሰጠች። የምታውቀው ድምፅ ነው። ኤቨረት የምትነዳት አውቶቡስም ይኸው ሞተር፣ ይኸው ካምቢዮ ናት፤ ልዩነቱ እዚያ ከኋላዋ አሥራ ሁለት አረጋውያን ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ሲያወሩ፣ እዚህ ደግሞ ሦስት ዓይን ያለው ምድጃ መኖሩ ነው። ሰፈሩን አንድ ዙር ዞራ ተመለሰች። ወደ ኋላ አድርጋ ልታስገባ ስትል ዓብዱልፈታህ መንገድ መሃል ቆሞ በሁለት እጁ «ነይ ነይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቁሚ!» ይላል። ዙሀራ አላየችውም፤ መስታወቶቿን ነው ያየችው። በአንድ ሙከራ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋ አቆመችው። ከኋላ ጥግ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ጎድጉዷል፣ ጣራው አንድ ቦታ ፈስሶ ተጠግኗል፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ግን የፋብሪካው ወረቀት እንኳ አልተነሳም። አልጋው ላይ ጋደም ብላ ጣራውን ተመለከተች፤ ምንም ቱቦ የለም። እንዲህ የፈለገችው ነገር በሕይወቷ አልነበረም፤ ስለዚህም ፈራች።

ወይዘሮ ሽቱ ሽሮና ጎመን አቅርበው ጠበቋቸው። ዓርብ ስለሆነ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚባል ጣጣ የለም፤ ጾም ነውና ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። በዚያ ሰፈር እስላምና ክርስቲያን ሲጋበዙ ረቡዕና ዓርብን የሚመርጡት በዚህ ነው። እጅ ከታጠበ በኋላ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ከመሳቢያ አንድ ፕላስቲክ የለበሰ ወረቀት አወጡ። ዓብዱልፈታህ ተቀብሎ ከፍ አደረገውና «ይሄው ሊብሬው! አላልኩሽም?» አለ። ከኪሱም የራሱን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ፤ ሌሊት በእጁ የጻፈው ውል ነው፤ ሻጭ፣ ገዥ፣ ሦስት ምስክር፣ የምስክሮቹ መፈረሚያ በማስመሪያ ተሰምሮ። አገር ቤት መኪና የሚሸጠው እንዲህ ነው፤ ሊብሬውን የያዘ ባለቤት ነው፣ ውሉ ይፈረማል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ዙሀራ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። እንዲህ ያለውን ወረቀት በየጠዋቱ ታየዋለች። አውቶቡሷን ከማንቀሳቀሷ በፊት ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ወረቀቱን አይቶ መፈረም ግዴታዋ ነው። ያንንም ወረቀት ባየች ቁጥር አንድ ነገር ይከነክናት ነበር፤ ለአንድ አውቶቡስ ሁለት ባለቤት ተጽፏል። አንድ ቀን የጋራዡን መካኒክ ዱሬሳን ጠየቀችው። ዱሬሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ከላይ ያለው የሚነዳው ነው» አላት፤ «ከታች ያለው ደግሞ ካልተከፈለው መጥቶ የሚወስደው።» አሁን ጣቷን ከላይኛው መስመር ላይ አሳረፈች፤ የተመዘገበ ባለቤት ይላል፣ ገብረጊዮርጊስ። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። ሕጋዊ ባለቤት ይላል። ከጎኑ ያለው የጋሽ ገብረጊዮርጊስ ስም አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሊጋል ኦነር የሚለው እርስዎ ነዎት?»

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የጎመኑን ጭልፋ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። «እሱ… ያው ያበደረኝ ክሬዲት ዩኒየን ነው። ትንሽ ነገር ቀርታለች።»

«ፎርማሊቲ ነው ዙሂ» አለ ዓብዱልፈታህ። «ሊብሬው በእጃቸው ነው፣ አታይም?»

«ይሄ ሊብሬ አይደለም ወንድም ጋሼ። ይሄ እንደ ቦሎ ነው፣ በየዓመቱ የሚታደሰው። ሊብሬው ሌላ ወረቀት ነው፤ ያለውም ባንኩ ጋ ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት በታክሲ ሥራ እንዲህ ያለ ወረቀት ኪሱ ይዞ የዞረው ዓብዱልፈታህ ከወረቀቱ ወደ እህቱ፣ ከእህቱ ወደ ወረቀቱ አየ። የራሱን ፕሪየስ በጥሬ ገንዘብ ስለገዛ ሁለቱም መስመር ላይ ያለው የራሱ ስም ነበር፤ ልብ የሚልበት ምክንያት ኖሮት አያውቅም። ወይዘሮ ሽቱ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ትንሽ ነገር!» አሉ፤ «አሥራ ሁለት ሺህ ዶላር ነው ትንሽ ነገር? ንገራት እንጂ! የሷን ገንዘብ ላገር ቤቱ ቤት ጣራ ሊያደርገው ነው ያሰበው፣ ብድሩን እንደ ልማዱ በየወሩ ሊከፍል።»

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው። ማታለል አልነበረም ሐሳባቸው፤ ይህን ዙሀራም አላጣችውም። ሰባት ዓመት በየወሩ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ዶላር አንድ ቀን ሳያሳልፉ ከፍለዋል፤ ወደፊትም እንደሚከፍሉ ያምናሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ባለፈው ክረምት ልባቸው ላይ ሽቦ ገብቶላቸዋል። ቃላቸው ቃል ነው፤ ልባቸው ግን የሳቸውን ቃል አይሰማም። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ባንኩ መጥቶ የሚጎትተው የማንን ቤት ነው? ዓብዱልፈታህ አሁንም ነገሩን ለማለዘብ «ሶ፣ እሷ በየወሩ ለባንኩ ትክፈላ፣ የቀረውን ለርስዎ…» ሲል ዙሀራ ቀና አለች። «ወለድ ሀራም ነው ብለህ ሁዛይፋን የኮሌጅ ብድር የከለከልከው አንተ አልነበርክም?» ዓብዱልፈታህ ልጁ ሁዛይፋ በዚያ ምክንያት ስንት ወር እንዳኮረፈው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ሻዩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ይህን መኪና እፈልገዋለሁ» አለች ዙሀራ። «ዋጋውን አልቀንስም፣ አንድ ብር አልከራከርም። ግን ክሬዲት ዩኒየኑ ጋ አብረን እንሄዳለን። የባንኩን ለባንኩ በእጄ እከፍላለሁ፣ የቀረውን ለርስዎ። ሊብሬው እዚያው ተፈርሞ እኔ እጅ ይገባል። ሌላ ውል አልፈርምም።»

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮ ሽቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተነስተዋል። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ፤ «ሲወጣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

ሦስት ምስክር የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ አራቱም በሞተርሆሙ ሄዱ። ፕሪየሷ እዚያው ቆመች። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ነዱ፣ ወይዘሮ ሽቱ ከፊት ተቀመጡ፤ ወንድምና እህት ከኋላ በትንሿ የምግብ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ቀበቶ ታጥቀው ተፋጠጡ። ወይዘሮ ሽቱ ሳይጠየቁ «ለካ ይመቻል» አሉ። በሰባት ዓመት የዘገየ አስተያየት ነው። ዓብዱልፈታህ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ውጭውን ያያል። ዙሀራ ልትናገረው ፈለገች፤ ስለ ጠዋቱ፣ ስለ ስም ማዞሩ። ግን ገና ነው አለች በሆዷ። መጀመሪያ ሊብሬው ይታይ።

ክሬዲት ዩኒየኑ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ሂሳብ የከፈተበት ትንሽ የቁጠባና ብድር ቢሮ ነው፤ የዙሀራም ዘጠኝ ዓመት እዚያው ነው የተኛው። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሰምሃል የምትባል ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል፣ ጥፍሮቿ ኪቦርዱ ላይ ይንጫጫሉ። ነገሩን ስትሰማ ጥፍሮቿ ዝም አሉ። «እንደዚህ አድርጎ የሚመጣ ሰው እኮ የለም» አለች። «ሁሌ የሚመጡት ኋላ ነው፣ መኪናቸው ከተጎተተ በኋላ፣ እያለቀሱ።» ቀጥላ ስክሪኑን አየች። «ዛሬ ከተዘጋ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሦስት ዶላር። ነገ ከሆነ ሁለት ዶላር ይጨምራል።» «ዛሬ ይዘጋ» አለች ዙሀራ። ዘጠኝ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ፊርማ ወጣ፤ የቀረው ሃያ አንድ ሺህ ምናምን ለጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቼክ ሆነ። ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው ቀለል አላት።

ሰምሃል ከኋላ ካለው ካዝና አንድ ፖስታ ይዛ ተመለሰች። ከውስጡ የወጣው ወረቀት ወፍራም ነው፣ ጠርዙ አበባ አበባ የሚመስል ሥዕል ያለበት። የክሬዲት ዩኒየኑ ኃላፊ መጥቶ ባንኩ እጁን ማንሳቱን ፈረመበት። ከዚያ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «እኔ እኮ ይህን ወረቀት ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰባት ዓመት የኔ ነው ስል።» ዙሀራን አሳዘኗት፤ ከልቧ። ፈረሙና ወረቀቱን ለዓብዱልፈታህ ሊያቀብሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ቆም ብለው አሰቡና እጃቸውን ወደ ዙሀራ አዞሩት። ወይዘሮ ሽቱ ደጅ ላይ ሁለቴ ሳሟት። «መጋረጃውን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ገመዱን ሳብ አድርገሽ ነው የሚዘጋው» አሏትና ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ባቡሩ ሄዱ፤ ሳሎናቸው ፀሐይ ገብቶበት እንደሆነ ለማየት መቸኮላቸው ከአረማመዳቸው ያስታውቅ ነበር፤ ካፊያው እንዳላቆመ እንኳ ልብ አላሉም።

ስም የሚያዞረው ቢሮ ከዚያ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ቁጥር ይዘው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓብዱልፈታህ ወረቀቶቹን ከእህቱ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አደራጃቸው፤ ፎልደር መያዝ የእሱ ሥራ ስለነበር እሷም ከልማድ ሰጠችው። ሰዓቱን ያያል፤ ጁምዓ ሊደርስ ነው። ቁጥራቸው ሲጠራ ቀድሞ የተነሳው እሱ፣ መስኮቱ ጋ ቀድሞ የደረሰውም እሱ ነው። ጸሐፊዋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ፈረንጅ ናት፤ ቀና ሳትል አዲሱ ባለቤት ማነው ብላ ጠየቀች።

«ዓብዱልፈታህ ሸም…»

ዙሀራ መንጃ ፈቃዷን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። «ዙሀራ ሸምሱ» አለች።

ጸሐፊዋ አሁን ቀና አለች። ወንድም ወደ እህቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ «ዙሂ፣ ተነጋግረንበት የለም እንዴ?» አለ።

«ከማን ጋር? አንተ የተነጋገርከው ከጋሽ ገብረጊዮርጊስ ጋር ነው። አንዱ አግብቷት ይዞት ይሄዳል ብለህ።» ፊቱ ሲለዋወጥ አየች። «ቱቦው ያሰማል እኮ ወንድም ጋሼ። የወጥ ቤታችሁ ወሬ በሙሉ ምድር ቤት ይሰማል። አንድም ቃል ሳይቀር። ከመጣሁ ጀምሮ።»

ዓብዱልፈታህ ዓይኖቹን ወደ ላይ ሰቀለ፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ መቁጠር ጀምሮ ነበር። ስለ ደመወዟ ያለውን። ለአጎታቸው ስለ እሷ የነገረውን። ሩመይሳ «ይህች ሴትዮ እስከ መቼ ነው?» ስትል እሱ ያልመለሰላትን። መቁጠሩ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ጸሐፊዋ ሁለት ገጽ ጽፋ ጨረሰች። ዙሀራ ይህን ለመናገር ስንት ዓመት ስትለማመድ ኖራ ነበር፤ በሐሳቧ ውስጥ ሁልጊዜ ትጮህ ነበር። አሁን ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ መጮህ አላስፈለጋትም። ፎልደሩን ከእጁ ወሰደች፤ ለቀቀላት።

ጸሐፊዋ ታክሱ ከሦስት ሺህ አራት መቶ ዶላር በላይ እንደሆነ ስትናገር ዓብዱልፈታህ ደንገጥ ብሎ «ታክስ?» አለ። እሱ አላሰበውም ነበር። ዙሀራ አስባዋለች፤ ካርዷን አወጣች። ከዚያ ጸሐፊዋ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረሰች፤ ሊጋል ኦነር፣ ብድር የሰጠ ባንክ አለ ወይ?

«የለም» አለች ዙሀራ በእንግሊዝኛ።

«ሴም ብዬ ልለፈው? ከላይ ካለው ጋር አንድ ነው ማለት ነው» አለች ጸሐፊዋ።

«ኖ። እባክሽ ስሜን ጻፊው። ሁለቴ።»

ጸሐፊዋ ለአፍታ አየቻት፤ እዚያ መስኮት ላይ ብዙ ሰው አይታ ይሆናል፣ ፈገግ አለችና ጻፈችው። ማተሚያው አጉረመረመ። ወረቀቱ ገና ትኩስ ነው፤ ዙሀራ ቆማ አነበበችው። የተመዘገበ ባለቤት፣ ዙሀራ ሸምሱ። ሕጋዊ ባለቤት፣ ዙሀራ ሸምሱ። ሁለቱንም መስመር በጣቷ ነካች። ደስታዬ እንባ ይሆንብኛል ብላ ፈርታ ነበር፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው፤ ወንበሩ ላይ ቁጥር ይዘው የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ ሳቀች።

ደጅ ወጥተው ሲቆሙ ዓብዱልፈታህ ኪሱን ዳበሰ፤ መኪናው እዚያ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቤት ነው፣ ጁምዓው አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ዙሀራ በሩን ከፈተችለት። «የት ልቀመጥ?» አላት። እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። «እንግዳ ከኋላ ነው» አለችው። ገብቶ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቀበቶውን አሠረ። መንገዱን ሙሉ «ቀኝ ያዢ» አላላትም፣ «ቀስ በይ» አላላትም፣ የነዳጅ ዋጋም አላነበበላትም። አንድ ጊዜ ብቻ «ዙሂ» ብሎ ጀመረ፤ ቀጠለ፣ «ሩመይሳ… ያ ነገር… እኔ መመለስ ነበረብኝ።» ዙሀራ በመስታወቱ አየችው። «ነበረብህ» አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ ገና ይቅር አላለችውማ።

መስጊዱ ግቢ ስትደርስ ሰው ጫማውን ሊያወልቅ እየተንጋጋ ነው። ዙሀራ ሞተርሆሙን በበሩ በኩል አዙራ አስገብታ፣ አንድም መኪና ሳትነካ፣ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። የግቢው ሰው ሁሉ ዞረ። ዓብዱልፈታህ ከኋላ በር፣ ከትንሿ ደረጃ ላይ ሲወርድ፣ ጓደኛው ኑዕማን ከወዲያ ማዶ «ማሻአላህ ዓብዱልፈታህ! ቤት መኪና ገዛህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። የዙሀራ መስኮት ክፍት ነበር። እጇ መሪው ላይ እንዳለ ጆሮዋን ሰጠች፤ ልማድ ሆኖባታል፣ ከጀርባዋ የሚባለውን መስማት። ወንድሟ ጉሮሮውን ሲያጠራ ሰማችው። ጎረቤቶቹ፣ የታክሲ ጓደኞቹ፣ አገር ልጆቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ።

«የኔ አይደለም» አለ። ቀጥሎ ሳይሰማ የሚቀር ማንም እንዳይኖር ይመስል ድምፁን ከፍ አደረገ። «የእህቴ ነው። የዙሀራ።»

ዙሀራ መስኮቱን ዘጋች። ፍሬቻ አሳይታ፣ አንድ አውቶቡስ አሳልፋ፣ ወደ ኤቨረት፣ ወደ ቁጥር አሥራ አራት የሚወስደውን መንገድ ያዘች፤ እስከ ማታ ብዙ ሰዓት ነበራት።